የአባቴ ሞተር የፊት ፍሬን

ቦንጋ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተጋረደች ጠባብ ጋራዥ አለችኝ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ እጄ የማይፈታው፣ ፈትቶም የማይገጥመው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ "እግዜር ይመስገን" እላለሁ። ሆዴ ውስጥ ግን "ከእኔ ሌላ ማን ሊሠራው ኖሯል?" የሚል ጉረኛ ተቀምጧል። የምነግራችሁ የዚያን ጉረኛ ሥራ ነው። መጨረሻው ላይ የሚያጽናና ነገር አላስቀመጥኩላችሁም፤ ማጽናኛ ፈልጋችሁ ከሆነ ከአሁኑ ገጹን ብትገልጡት አልቀየማችሁም።

አባቴ ገብሬ ይባላል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ ከወጣ በኋላም መርፌና መድኃኒቱን በቆዳ ቦርሳ ይዞ በየገጠሩ ከብት ማከሙን አልተወም። ማንኪራም ሂዱ ሺሺንዳ፣ "ጋሽ ገብሬ" ስትሉ የማያውቀው ገበሬ የለም። ሞተሩንም የማያውቃት የለም። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የጃፓን ሥሪት ናት። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲያስወግድ ራሱ ተጫርቶ ገዛት። ገጠር ያሉ ሰዎች ድምፅዋን ገና ከወንዙ ማዶ ሲሰሙ የታመመውን ከብት አስረው ይጠብቁት ነበር።

የፊት ፍሬኗ ግን ለስሙ ያህል ነበር። የድሮ ዓይነት ነው፤ በጎማው እምብርት ውስጥ ያሉ ሁለት ሸራዎች በገመድ ሲሳቡ እየተፋተጉ ነው የሚያስቆሟት። የእሷ ሸራ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ከሌላ ሞተር ወስጄ፣ ሞርጄ፣ አስተካክዬ እገጥምላታለሁ፤ ጭቃና ውሃ ሲገባበት ጭራሽ አይዝም። አባቴ በአራት ጣቱ፣ የክንዱ ጅማት እስኪገተር ድረስ ጨብጦ ነው ዘግየት የሚያደርጋት። በዚያ ብዛት የቀኝ እጁ ከግራው ይወፍር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። እዚህ አገር ብዙ ሞተረኛ የፊት ፍሬን ይፈራል። መንገዳችን ቁልቁለት ነው፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲዘንብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። "የፊት ፍሬን ይደፋል" ይላሉ። አዲስ ሞተር ገዝተው ገና ሳይነዱት "የፊቱን አላላልኝ" የሚሉኝ፣ አንዳንዶቹም "ጭራሽ ንቀልልኝ" የሚሉኝ ነበሩ። ቁልቁለቱን በኋላው ፍሬን ብቻ፣ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ይወርዱታል። እኔ ይህን ስሰማ እስቅባቸው ነበር። "ሞተርን የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። የባላገር ወሬ ተዉ!" እላለሁ። ልክም ነበርኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ልክ ነበርኩ።

አንድ የሺሺንዳ ገበያ ቀን፣ ከአባቴ ፊት ይሄድ የነበረ አይሱዙ ድንገት ቆመ። አባቴ ጨበጠ፣ ረገጠ፣ ሞተሯ አልሰማችውም። መሪውን ጠምዝዞ ከዝንጅብል ክምር ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ከመላጡ በቀር የተጎዳ የለም፤ ባለ ዝንጅብሏ ሴትዮ ሳትቀር ሆዷን ይዛ ስቃለች አሉ። እኔ ስሰማው አልሳቅኩም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ፣ በእንዲህ ያለች ሞተር፣ ሞተር ጠጋኝ ልጁ ዝም ብሎ ሲያየው ነገ አንዱ መኪና ሥር ቢገባ ሰው ምን ይላል? እንደዚህ ነው ያሰብኩት። ስለ እሱ ፈርቼ እንደነበር እውነት ነው፤ ስለ ስሜም ፈርቼ ነበር።

"አባዬ፣ የፊት ፍሬኗን ልቀይርልህ ነው" አልኩት በነጋታው።

"በምን?"

"በዲስክ። በዘይት በሚሠራው፣ እንደ አዲሶቹ።"

"ተዋት፤ እኔና እሷ ተግባብተናል።"

"ሺሺንዳም ተግባብታችሁ ነው?"

እናቴ ከጓዳ ሆና "እንኳን ነገርከው!" አለችኝ፤ አባቴንም "ይቀይርልህ እንጂ፣ ምን ይጎዳሃል?" አለችው። አባቴ ከእኔ ጋር ይከራከራል፣ ከእናቴ ጋር ግን አይከራከርም ነበር። ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ኋላዋን መኪና የጨፈለቃት አንዲት አዲስ ሞተር ነበረችኝ፤ ከእሷ የፊት ጎማውን፣ ዲስኩን፣ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚነክሰውን ክፍል፣ የዘይት ቧንቧውንና የእጅ መያዣውን አወጣሁ። ጎማው የአባቴ ሞተር የፊት ማቀፊያ ውስጥ እንዲገባ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ማስገቢያ አስቆረጥኩ። የፍሬን ዘይቱን ከጅማ አስመጣሁ። "ሌላ ዘይት ብናደርግበትስ?" ያለኝን ሰው ተቆጣሁት። አየሩን ከቧንቧው ሦስት ጊዜ አስወጣሁ። እያንዳንዱን ቡሎን አጠበቅኩ፣ መልሼ ፈተሽኩ፣ በቀለም ምልክት አደረግኩበት። በሙያዬ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ራሴ ነዳሁና በሁለት ጣት ነካ ሳደርገው ሞተሯ ባለችበት ቀጥ አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴን ጠራሁት። ጋራዡ በር ላይ ደንበኞቼ ቆመዋል፤ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

"በሁለት ጣት ብቻ ነው አባዬ። ከዚያ በላይ አያስፈልገውም" አልኩት።

"በሁለት ጣት?" ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። "ታዲያ የቀሩት ምን ይሥሩ?"

"ጡረታ ይውጡ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አባቴ እስከ መናኸሪያው ወጥቶ በአስፋልቱ ተመለሰ። እያሰበበት፣ ሁለቱን ጣቶች ብቻ አስቀምጦ፣ እፊቴ መጥቶ ቀጥ አለ። "ይሄማ ግድግዳ ነው!" አለ። ዓይኑ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ከዚያ ሌላ ደንበኛ መጣና ሥራዬን ቀጠልኩ። አባቴ በዚያ ፍሬን የተማረው ትምህርት ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ቀልድና አንድ ዙር፣ በደረቅ አስፋልት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያለማመደው እጅ በአንድ ዙር እንደማይለወጥ ያኔ አልገባኝም። ብረቱን እንጂ እጁን አላየሁትም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ማንኪራ የምትታከም ላም ነበረችው። ሲነጋ ዘንቦ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"የጋሽ ገብሬ ልጅ ነህ?"

"ነኝ።"

"ወድቀዋል። ማንኪራ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ቶሎ ና።"

"ደህና ናቸው?"

"ይናገራሉ። ቶሎ ና ብቻ።"

ጋራዡ ውስጥ የነበረውን የደንበኛ ሞተር አስነስቼ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ ምን እያሰብኩ እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ ስለ አባቴ አላሰብኩም። ቡሎኖቹን እየቆጠርኩ ነበር። የዲስኩን አጠበቅኩ፤ የነካሹን ሁለቱንም አጠበቅኩ፤ የጎማውን ዘንግ አጠበቅኩ፤ ቧንቧው ከጎማው ጋር አይነካካም። ደግሜ ከአንድ እጀምራለሁ። የቱ ነው የላላው? የቱን ነው የረሳሁት? ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ ሁለት ጊዜም ተነሥቼ ከቆምኩበት መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ስደርስ የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ የሚሆን እንጨት እየቆረጡ ነበር። አባቴን በእንሰት ቅጠል ላይ አስተኝተውታል። ፊቱ ነጥቷል፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጓል። ሲወድቅ የመሪው ጫፍ ሆዱን ወግቶታል። ደም አይታይም፤ ደም ባለማየቴም ተስፋ አደረግኩ። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ እዩ።

"አባዬ! ምን ሆንክ?"

ሰዎቹን ቀና ብሎ አያቸውና ወደ እኔ ተመለሰ። "ጥጃ ገባብኝ" አለ። ለእነሱ ቀደም ሲል በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነግሯቸው ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱም "አዎ፣ ጥጃ ነው ብለውናል" አለኝ።

የተሰማኝ ደስታ ነው። አባቴ እቅጠል ላይ ተኝቶ እኔ ደስ አለኝ! ጥጃ ነው፤ የእኔ ቡሎን አይደለም።

ቃሬዛውን አንሥተው ዳገቱን ጀመሩ። ስምንት ሰዎች በየተራ ይሸከሙታል፤ ላቡ ያጠመቀው ሲወጣ ሌላው ትከሻውን ያስገባል። እኔ ሞተሯን አንሥቼ ከመንገድ ዳር ላቆማት ወደ ኋላ ቀረሁ። ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት።

ጭቃው ላይ አንድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ የተላገ መስመር ነበር። የሚሽከረከር ጎማ ጥርሱን መሬት ላይ እያተመ ነው የሚያልፈው። ይህ ግን ጥርስ የለውም፤ ልሙጥ ነው። የፊት ጎማው ቆሞ ተንሸራትቷል ማለት ነው። ከመስመሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በግራም በቀኝም የጥጃ ኮቴ አልነበረም። ጥርት ያለ እርጥብ ጭቃ፣ በላዩ ላይ የእኔ ሥራ ብቻ። ሞተሯን ቀና አድርጌ የፊት ጎማዋን አሽከረከርኩ፣ ጨበጥኩ፤ ቀጥ አለች። ለቀቅኩ፤ ያለ እንከን ዞረች። አንድም ቡሎን አልላላም። የላላ ባገኝ ምንኛ በወደድኩ! ፍሬኑ የተባለውን ሁሉ አድርጓል።

ከዚያ ያደረግኩትን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰዎቹ ዞረው እንዳላዩኝ አረጋገጥኩና መስመሩን በጫማዬ አጠፋሁት። ከላይ እስከ ታች፣ እየረገጥኩ፣ እየደመሰስኩ። አባቴ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ እያቃሰተ ይሄዳል፤ እኔ ጭቃ እየረገጥኩ ነበር።

ቦንጋ ሆስፒታል ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሆዱን ነካክቶ፣ በመሣሪያም አይቶ ወደ ውጭ ጠራኝ። "ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ጅማ መሄድ አለባቸው። አምቡላንስ እየጠበቅን ነው፤ ሪፈር እጽፍላችኋለሁ" አለ። አምቡላንሱ ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ሄዶ ነበር። ወሬውን ሰምታ ሆስፒታል የደረሰችው እናቴ ብርድ ልብስና ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች። ከአባቴ ጋር ብቻችንን ቀረን።

"በሩን መልሰው" አለኝ።

መለስኩት።

"ጥጃ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"በምን አወቅክ?"

"መሬቱ ላይ አየሁት።"

ቀኝ እጁን ከሆዱ ላይ አንሥቶ አየው። "ቁልቁለቱን ስጀምር መንሸራተት ጀመረች። እንደ ድሮው ነው የጨበጥኩት፣ ልጄ። በአራቱም። እኔ ሰምቼሃለሁ፤ እጄ ግን አልሰማህም።"

"አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጭቃ ላይ ይዤህ ወጥቼ ማለማመድ ነበረብኝ። እኔ..."

"ዝም በል። ጊዜ የለኝም።" እጄን ያዘ፤ በዚያ በወፍራሙ እጁ። "ጥጃ ነው። ለእናትህም ጥጃ ነው። 'ልጁ በገጠመው ፍሬን ሞተ' ከተባለ ማን ሞተሩን ያመጣልሃል? ልጆች አሉህ። ጥጃ ነው በል፤ ጥጃ አይከሰስ!"

"አትሞትም እኮ።"

"እሺ፣ አልሞትም። አንተ ግን እንዳልኩህ በል።"

እሺ አልኩ። በዚያች ሰዓት እሺ ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው እንዳልል፣ እሺ ስል ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲነሳ ተሰምቶኛል። ሊያድነኝ የፈለገው እሱ ነው፤ መዳን የፈለግኩት ግን እኔ ነኝ።

አምቡላንሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። እናቴ ራስጌው ተቀመጠች፣ እኔ ግርጌው። ጊምቦን አለፍን። አባቴ ውሃ ለመነ፤ ነርሷ "አይፈቀድም" አለች፤ እናቴ ከንፈሩን በነጠላዋ ጫፍ አረጠበችለት። "ያችን ጥጃ ባገኛት..." አለች እያለቀሰች። አባቴ አየኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሹፌሩ ፍሬን እየያዘ፣ እየለቀቀ፣ በዝግታ ወረደው፤ የፍሬኑን ድምፅ እያንዳንዱን ሰማሁት። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ነርሷ የአባቴን አንገት ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ የሹፌሩን መስኮት በጣቷ አንኳኳች። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። እናቴ ከነርሷ ፊት ላይ አነበበችውና ጮኸች።

ቀበርነው። ሠልስቱ ወጣ። ሰው ከየገጠሩ እየመጣ አለቀሰ፤ የማንኪራ ሰዎች በእግራቸው መጡ። ሞተረኞቹ ደግሞ አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ "አንተ እንኳን የምትችለውን አድርገህላቸው ነበር። አዲስ ፍሬን ገጥመህላቸው፣ ለጥጃ ምን ይደረግ?" አሉኝ። እኔም "ምን ይደረግ" አልኩ። አንዱ "ለእኔም እንደዚያ ግጠምልኝ" ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ቀጠሮ ያዘ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ገበሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ቡናማ ጥጃ እየሳበ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ግባ ቢባል አልገባም፤ ወንበር ቢቀርብለት አልተቀመጠም። ገና ሳይነገረኝ፣ ጥጃዋን ሳይ ለምን እንደመጣ ገባኝ።

ታላቁ ሽማግሌ ተናገሩ። "ይህ ሰው አደሎ ይባላል። ቤቱ ጋሽ ገብሬ ከወደቁበት ቁልቁለት በላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አንዲት ጥጃ ገመድ በጥሳ ጠፍታበት ነበር። ያገኛት ከመንገዱ በታች ነው። ጥጃዋ የእሱ ናት ብሎ የጠቆመበት ሰው የለም፤ ከፈለገ ዝም ማለት ይችል ነበር። ራሱ መጣና 'የጋሽ ገብሬ ደም በእጄ ነው፣ አስታርቁኝ' አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጥጃዋን ለካሳ አምጥቷል። ይቅር ካልተባለ አይቀመጥም።"

አደሎ ቀና ብሎ አላየንም። "እኔ ደህና አላሰርኩም" አለ በዝግታ፣ አማርኛው እየከበደው። "ገመዱ አሮጌ ነበር፤ አውቅ ነበር። ነገ እቀይራለሁ ብዬ ተውኩ።"

እናቴ "እንስሳ ምን ያውቃል ልጄ፣ ግባ" ብላ አለቀሰች። ከእኛ ጋር ለቅሶ የተቀመጠው አጎቴም ይቅር አለ። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። "የበኩር ልጃቸው ይናገር። ያለ እሱ ቃል አይሆንም።"

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። "ጥጃ አልነበረም፤ ይህን ሰው ልቀቁት።" አፌን ከፈትኩ። እናቴን አየሁ፤ ለቅሶ የተቀመጡትን ሞተረኞች አየሁ፤ "እንዳልኩህ በል" ያለኝን አባቴን አሰብኩ። አባቴን ያሰብኩት ግን መደበቂያ እንዲሆነኝ ነው። አባቴ "ጥጃ ነው" ያለው፣ ጥጃ ባለቤት እንዳለው ረስቶ ነው፤ እያመመው፣ ስለ እኔ ብቻ እያሰበ። ቆሞ የነበረ ቢሆን እሱ ራሱ ይናገር ነበር።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩ።

አደሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አነሣሁት። እናቴ ምግብ አቀረበችለት፤ እያንዳንዱን ጉርሻ በውሃ ሲያወራርድ እያየሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ልበ ሰፊነቴን አመሰገኑ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ጥጃዋ አድጋ ላም ሆናለች፤ እናቴ ከልጅ ልጆቿ እኩል ትወዳታለች፤ ከወተቷም ትልክልኛለች። ልጆቼ ይጠጡታል። እኔ ጨጓራ ያመኛል ብዬ ትቻለሁ። ጋራዤ አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሥራ ጨምሯል። ፍሬን የቀየርኩለትን ሰው ግን አሁን ዝም ብዬ አልሰደውም። ከከተማ አስወጥቼ፣ ጭቃ ላይ፣ እጁ እስኪለምድ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ አስነዳዋለሁ። "ይሄ ሰውዬ አበዛው" ይላሉ። ይበሉ። ይህ ግን ምንም አይመልስልኝም፤ ተምሬበታለሁ ብዬም አልኮራበትም። የተማርኩበት ዋጋ አባቴና አንድ ምንም ያላደረገ ሰው ናቸው።

ምናልባት "ታዲያ ለምን ዛሬ እንኳ ሄደህ አትነግረውም?" ብላችሁ ይሆናል። ሄጃለሁ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ማንኪራ ሄጄ አደሎን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ከብት ማርባት ትቷል፤ ንብ ብቻ ነው የሚያረባው። አስቀመጠኝና ሁሉንም ነገርኩት። ፍሬኑን፣ ቀልዱን፣ መስመሩን፣ በጫማዬ ማጥፋቴን፣ አባቴ ሆስፒታል ያለኝን፣ አንድም ሳላስቀር። ሰውነቴ በላብ ተጠምቆ ነበር። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል፣ ሽማግሌዎቹን ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያደርገውም ፈለግኩ።

አደሎ እስክጨርስ ሰማኝ።

"አባትህ" አለ በመጨረሻ፣ "አንድ ጊዜ በሬዬ ታሞ ጠራሁት። ሩቅ ነው የመጣው፣ ዝናብ መትቶታል። አየውና 'አይድንም፣ መርፌ ወግቼ ገንዘብ ብቀበልህ መስረቅ ነው' አለኝ፤ ተመልሶ ሄደ። እንደዚያ ያለ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ሊሞት ሲል ይዋሻል?"

"ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው አደሎ! እኔን ሊያድን!"

"አንተም ደግ ነህ፤ እንደ እሱ ነህ። ሸክሜን ልታወርድልኝ መጣህ።"

"በአባቴ አጥንት..."

"አትማል!" እጁን አፌ ላይ አደረገ። "ለእኔ ብለህ በአባትህ አጥንት በውሸት አትማል። እኔ ለምጄዋለሁ።"

ደጋግሜ ነገርኩት። ስለ ፍሬኑ አስረዳሁት፤ በእጄ እየጨበጥኩ አሳየሁት። ራሱን እየነቀነቀ በሐዘን ያየኛል፤ ያዘነው ለእኔ ነው። ልሸኝህ ብሎ አብሮኝ ወረደ። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ቆመ። በዚያ ባለፈ ቁጥር እንደሚቆም ነገረኝ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ፣ ስለ ጥጃዋ እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመነ፤ ቀጥሎም አባቴን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ለመነው። ጨርሶ ቀና አለና ጠበቀኝ። ጸሎቱ ያለ እኔ ቃል እንደማይዘጋ ገባኝ።

"አሜን" አልኩ።